ጥሪ የሌለው ድግስ

ሆሊስ ኔድ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ አርባ ሦስቱን ባሕር ላይ አሳልፏል። ከቤቱ ደጅ እስከ ኮራሉ፣ እስከ ሕያው የባሕር ድንጋዩ፣ ያለውን ውኃ ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳበታል። ጀልባው ወለሏ መስታወት ነው፤ ስሟ «ታጋሽ» ይባላል። ስሙን ያወጣችላት ሚስቱ አዮኒ ናት። ለጀልባዋ ሳይሆን ለራሷ ነው ያወጣችው የሚሉ አሉ።

በቶቤጎ ደሴት፣ ፔቲ አንስ መንደር፣ ሰው የሚተዳደረው በዓሣና በእንግዳ ነው። እንግዳው ከብርድ አገር ይመጣል፣ ነጩ አሸዋ ላይ ሁለት ቀን ይጋደማል፣ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ይቀላል፣ በሦስተኛው ቀን ጥላ ፍለጋ ይነሣና ስለ ኮራሉ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የሆሊስ ተራ ነው። ረፋዱ ላይ ይዟቸው ይወጣል፣ ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ይመልሳቸዋል። ቀልዶቹ ከጀልባዋ እኩል አርጅተዋል።

«ይህን አረንጓዴ ዓሣ አያችሁት? በቀቀን ይባላል። ኮራል ይቆረጥማል፣ አሸዋ ያራል። ትናንት የተጋደማችሁበት ነጭ አሸዋ ከየት የመጣ መሰላችሁ?»

ሴቶቹ ይጮኻሉ። ወንዶቹ ፀጉራቸውን ያራግፋሉ። ሆሊስ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ፈገግ ይላል። ይህ ቀልድ እስከ ዛሬ ከሽፎበት አያውቅም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ከባሕር ሲመለስ አዮኒ ጓሮ ተቀምጣ ሸርጣን ስትቦርሽ አገኛት። ሠላሳ ሸርጣን ነው። ሆዳቸው እንዲጠራ ሳምንቱን ሙሉ በርሜል ውስጥ ኮኮናት ስትቀልባቸው ከርማለች።

«ሚስተር ኔድ» አለችው።

በሰላሙ ቀን ሆሊስ ነው። ሚስተር ኔድ ከተባለ ነገር አለ።

«አቤት።»

«ከነገ ወዲያ ስንተኛው የመኸር በዓል ነው?»

«የምኑ?»

«የምኑ ይለኛል! ምላስህ ካመጣብን ነገር ወዲህ ነዋ።»

ሆሊስ በጣቶቹ አልቆጠረም። «ዘጠነኛው» አለ።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ድስቴን ለውሻ ገለበጥኩ። የፔቲ አንስ ውሾች እንደኔ የሚያከብሩት ሰው የለም። ሳልፍ ተነሥተው ነው የሚቀበሉኝ።» ሸርጣኑን ገልብጣ ሆዱን ፈተገችው። «ዘንድሮ ሰው ካልገባ፣ ሰኞ በመርከቡ ትሪኒዳድ እኅቴ ጋ እሄዳለሁ።»

«ለስንት ቀን?»

«ቀን አልቆረጥኩም።»

ሆሊስ የተለመደው ማስፈራሪያ መሰለው። ፊቱን ሊታጠብ ወደ ቤት ሲገባ ግን ሻንጣው ከቁም ሣጥኑ ላይ ወርዶ፣ አፉን ከፍቶ፣ መስኮቱ ሥር ንፋስ ሲመታው አየ። ፊቱን ሳይታጠብ ተመልሶ ወጣ።

የመኸር እሑድ ዕለት የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በሸንኮራ አገዳ፣ በበቆሎ እሸትና በጎደሬ ይሸፈናል። ጸሎቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ቤት በሩን ይከፍታል። ጥሪ የለም። እግሩ ያደረሰው ይገባል፣ ይበላል፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። በልቶ ሳይጨርስም ማን ነህ፣ ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም። ሰው መጥራት ነውር ነው። «ለመኸር ሰው የጠራ ቤት፣ ድስቱ ሸቶበታል» ይላሉ። በሩን ከፍቶ ሰው ያልገባለት ደግሞ፣ ድስቱ ሸተተም አልሸተተ፣ መንገዱ ላይ ያለ ሁሉ ያየዋል።

የኔድን ቤት ስምንት ዓመት አይተውታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በደጉ ዘመን ባሕሩ ሲሸሽ ኮራሉ ላይ ያለው ውኃ ከጉልበት አያልፍም። ባለጀልባዎቹ እንግዶቻቸውን ያወርዱና ኮራሉን በእግር ያስጎበኟቸዋል። ኮራል ደግሞ እንደ ጠርሙስ ስብራት እግር ይቆርጣል። መላውን ያመጣው ሆሊስ ነው። ከከተማ ነጭ የፕላስቲክ ጫማ አርባ ጥንድ ገዝቶ መጣ። እንግዳ ሁሉ ወደሱ ጎረፈ። በወሩ ፊት ለፊቱ የሚኖረው የልብ ወዳጁ አልፎርድ ትሪም ስልሳ ጥንድ ገዛ። በዓመቱ ሰባቱም ጀልባዎች በጫማ ተሞሉ። ቤቶች በቆርቆሮ ፋንታ ሸክላ የለበሱት በነዚያ ጫማዎች ነው፤ የሆሊስም ቤት ጭምር።

አሥራ ሰባት ዓመት እንዲያ ሆነ። አንድ ቀን ማለዳ፣ እንግዳ ሳይኖር፣ የተያዘ መልሕቅ ሊያስለቅቅ ሆሊስ ብቻውን ወጣ። ባሕሩ እንደ መስታወት ረግቶ ነበር። ጎንበስ ሲል ከታች መንገድ አየ። ከብት ወደ ወንዝ ሲወርድ የሚያወጣው ዓይነት፣ ነጭ፣ ጠመዝማዛ መንገድ። እሱ መልሕቅ ከሚጥልበት ይነሣና እንግዶች ፎቶ ከሚነሡበት ይደርሳል። ግራና ቀኙ ያለው ኮራል ቡናማና ሐምራዊ ነው። መንገዱ ላይ ምንም የለም።

«መንገድ ሠርቻለሁ» አላት አዮኒን ማታ።

«የት?»

«ባሕር ውስጥ።»

«ጠጥተሃል?»

አልጠጣም ነበር። በማግስቱ ጫማዎቹን ቆሻሻ መጣያ ወስዶ ጣላቸው። ይህን ማንም አልተቀየመም። እንዲያውም ለሌሎቹ እንግዳ ተረፈላቸው። ጥፋቱ የመጣው በኋላ ነው። ከከተማ አንድ ባለሥልጣን መጣና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ጠራ። በቀን ስንት ሰው ኮራሉን ይረግጣል ብሎ ጠየቀ። አልፎርድ «ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሆሊስ ከኋላ ተነሣ።

«ሁለት መቶ» አለ። ይህ አልበቃ ብሎት ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ መንገዱን ሣለው።

በእግር መርገጥ ተከለከለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳው ወደ ሌላ ባሕር ዳርቻ ሸሸ። አልፎርድ የጀመረውን ሁለተኛ ፎቅ ጣሪያ ሳያለብስ ተወው፤ ብረቶቹ ዛሬም ወደ ሰማይ እንደ ቆሙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የሆሊስ ስም ኢንስፔክተር ነው።

ክፉ አላደረጉበትም። ሞተሩ ሲበላሽ ገመድ ወርውረው ይጎትቱታል። ሲታመም ዓሣ ይልኩለታል። ሰላምታ አይነሱትም። ቤቱ ገብተው አይበሉም፤ ይኸው ነው። ሆሊስ ለራሱ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወው ነበር። የሚበስለው ድስት ግን የሱ አይደለም።

ቅዳሜ ስምንት እንግዶች ይዞ ወጣ። ከስምንቱ አንዷ ሂልዳ የምትባል፣ ካናዳ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳች ትልቅ ሴት ናት። ከዓሣው ይልቅ መሪ የያዘ እጁን ነበር የምታየው።

«ያቺን ኩርባ ሳይቀንሱ ነው የገቡባት» አለችው።

«ፍሬን የለኝማ።»

«እኔም አንድ ክረምት አልነበረኝም» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

ከኮራሉ ጀርባ፣ ውኃው ከወገብ በማያልፍበት ነጭ አሸዋ ላይ ጀልባዋን አቆመና ሁሉም ወረዱ። ሂልዳ ባርኔጣዋን እንዳደረገች ውኃው ውስጥ ቁጭ አለች።

«ካፒቴን፣ ነገ ምን ይደረጋል እዚህ አገር? ሆቴሉ እሑድ እሑድ ቀዝቃዛ ሥጋ ነው የሚያቀርብልን።»

ሆሊስ ሊል ያሰበው «ጸሎት» ነበር። ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ነገ መንደራችን ውስጥ መኸር ነው። የኔ ቤት ሰማያዊ በር አለው። ሚስቴ ሸርጣን ታበስላለች።»

«እየጋበዙን ነው?»

አርባ ሦስት ዓመት ስለ ዓሣ ዕድሜ ሲዋሽ ፊቱ ግሎ አያውቅም። አሁን ጆሮው ድረስ ጋለው። «አይደለም» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጠርቶን ነው እንዳትሉ ብቻ። ሽታው ስቦን ነው በሉ» አላቸው።

ስምንቱም ሳቁ። እንደ በቀቀን ዓሣው ያለ ሌላ ቀልድ መሰላቸው።

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አዮኒ አረንጓዴ ቀሚሷን እንደ ለበሰች በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ትልቁ ድስት ሸርጣን በኮኮናት ወተትና በቅመም፣ ከሊጥ እንክብል ጋር። የተቀቀለ ጎደሬና ካሳቫ። የርግብ አተር በሩዝ። የዝንጅብል መጠጥ በማሰሮ። ሃያ ሳህን ተደርድሯል። አዮኒ ጠረጴዛው ራስ ላይ ጀርባዋን አቅንታ ተቀመጠች። ሆሊስ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰው በመንገዱ ያልፋል።

«ደህና ዋልሽ ታንቲ አዮኒ!»

«ደህና ዋሉ ልጆቼ።»

ታንቲ ይሏታል፤ አክስታቸው እንደ ማለት ነው። አክስታቸውን ሰላም ብለው የአልፎርድን አጥር ከፍተው ይገባሉ። መንገዱ ጠባብ ነው። ከአልፎርድ በረንዳ የማንኪያው ድምፅ ይሰማል። የሚስቱ የቬርና የፍየል ወጥ ሽታ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል።

«ዝንቡ እንኳ ወደዚያ ነው የሚሄደው» አለች አዮኒ።

ሆሊስ ወደ መንገዱ ጫፍ አየ።

ሰባት ተኩል ሲል ከመንገዱ ጫፍ ስምንት ሰዎች ብቅ አሉ። አፍንጫቸው ላይ ነጭ የፀሐይ ቅባት ተቀብተው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ የየቤቱን በር ቀለም እያዩ ይመጣሉ። ሆሊስ ተነሣ፣ ከዚያም ተመልሶ ተቀመጠ። ሂልዳ ሰማያዊውን በር ስታይ እጇን አነሣች።

«ሽታው ስቦን ነው!» ብላ ጮኸች።

ከኋላዋ ያለው «ሽታው ስቦን ነው» አለ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ስምንቱም አንድ በአንድ፣ ልክ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ።

አዮኒ ወደ ሆሊስ ዞረች። ሆሊስ የጣሪያውን ጠርዝ ይመረምር ነበር። ማን ናችሁ አላለችም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድም። ወንበር ሳበች፣ ሳህን ዘረጋች፣ ጨለፈች።

የብርድ አገር ሰው ሸርጣን መስበር አያውቅም። አንዱ በሹካ ሲወጋው ከሳህኑ ዘሎ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። አንዱ ጫማውን አውልቆ ሊቀጠቅጠው ሲል አዮኒ ቀማችው። «በጥርስህ ነው! ጥርስ ለምን ሰጠህ?» አለችና የሸርጣኑን እግር አፏ ውስጥ ከታ ቀጭ አደረገችው። ስምንቱም አጨበጨቡ። ቅመሙ በሸሚዝ ላይ ፈሰሰ። ሂልዳ ሁለተኛ ሳህን ጠየቀች። ሳቁ በበሩ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። ሆሊስ የአዮኒን ፊት አየ። ስምንት ዓመት ያላየውን ፊት ነበር ያየው፤ አንጀቱ ራሰ።

ያን ጊዜ ነው ሎይድ የተባለው፣ ቀጭኑ፣ የሂልዳ ባል፣ ጣቱን እየላሰ የተናገረው።

«ካፒቴኑ ትናንት ባይጠራን ኖሮ ቀዝቃዛ ሥጋ እየበላን ነበር።»

ሂልዳ በክርኗ ጎሸመችው። ዘግይታለች።

አዮኒ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ አንድ ሸርጣን ጨመረችለት። «ብላ» አለችው፣ በደግ ድምፅ። ወደ ማድ ቤት ስትሄድ ሆሊስ ሳትጠራው ተከተላት።

«ጠራህ?»

«ጠራሁ።»

«ለመኸር?»

«ለመኸር።»

«እናቴ እንኳን ይህን ሳታይ ሞተች።»

«ድስትሽ እንዳይተርፍ ብዬ ነው እኮ።»

«ድስቱ እንዲያልቅማ ከሆነ ውሾቹ ይበቁኝ ነበር።» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለው ነበር። «ሰው ይግባልኝ ነው ያልኩህ። እዚሁ የሚውል የሚያድር ሰው። ነገ በመንገድ ሳልፍ ትናንት ቅመምሽ በዛ የሚለኝ ሰው። እነዚህ ማክሰኞ አውሮፕላን ላይ ናቸው።»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አትበለኝ! ልክ መሆኔን ማን ጠየቀህ?»

ሆሊስ ወደ ደረጃው ተመለሰ። ሻንጣውን አሰበ። መርከቡ ሰኞ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሣ አሰበ።

የአልፎርድ በረንዳ ላይ ግን ማንኪያው ቆሟል። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደ ሰማያዊው በር አስግጓል።

«እነዚያ እንግዶች ብቻቸውን ነው የሚበሉት?» የቬርና ድምፅ ነው።

«ኢንስፔክተሩ ጋ ናቸው» አለ አንዱ።

«የትም ይሁኑ! ከመንደሩ አንድ ሰው አብሯቸው አልተቀመጠም። አገራቸው ገብተው ምን ሊሉ ነው? ፔቲ አንስ ሳህን ወርውረውልን እንደ ዶሮ ብቻችንን ለቀምን ሊሉ ነው?»

«ኔድ አለ አይደል?»

«ኔድ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሰማይ ያያል! አልፎርድ፣ አንተ የምን የማኅበር ሊቀ መንበር ነህ?»

አልፎርድ ትሪም የባለጀልባዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ድምፁም ድምፅ ማጉያ አያሻውም። «የኢንስፔክተር እንግዳ ለኢንስፔክተር!» አለ። ይህን ሲል ግን እንግዶቹ እንደገና ከት ብለው ሳቁ። አልፎርድ ሳህኑን አስቀመጠ። እሱ የሌለበት ሳቅ አይወድም። ከድሮም እንዲህ ነው።

መንገዱን ተሻገረ። ከኋላው በረንዳው ሙሉ ሰው ቆሞ ያያል። ሆሊስ ከደረጃው ዘወር አለለት። አልፎርድ ሳያየው አልፎ ገባ፣ «ደህና ዋላችሁ» አለና ከሂልዳ ጎን ተቀመጠ። አዮኒ ከማድ ቤት ስትወጣ አየችው። አልተደናገጠችም። ሳህን አስቀመጠችለትና የትልቁን ሸርጣን ጥፍር ጣለችበት።

አልፎርድ ሳህኑን አልነካም። እንግዶቹን አንድ በአንድ አያቸው። በነፋስ ዝናብ የሚያሸት ሰው፣ ነገር ማሽተት አያቅተውም።

«እነዚህን ሰዎች ማን ጠራቸው?» አለ።

በረንዳው ላይ ያሉት ወደ አጥሩ ተጠጉ።

«ሽታው ስቧቸው ነው» አለች አዮኒ ፈጠን ብላ።

«ሽታው!» አለች ሂልዳ። «ሽታው» አሉ ስምንቱም፤ ሎይድ ከሁሉም ይልቅ ጮኾ።

አልፎርድ ራሱን ወዘወዘ። አዮኒን አልተመለከተም፤ ወደ በሩ፣ ወደ ሆሊስ ዞረ።

«እሷን አልጠየቅኩም። አንተን ነው። መቼም አንተ አትዋሽም። ሁለት መቶ ብለሃል፣ ሥዕል ሥለሃል። ኢንስፔክተር፣ ጠርተሃቸዋል ወይስ አልጠራሃቸውም?»

ሆሊስ አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ሁልጊዜም እዚያው ናት፤ መቀመጫዋ ነው። ጠራሁ ቢል አልፎርድ ተነሥቶ ይወጣል፤ የተጠራ ድግስ አይበላም። በረንዳው ሁሉ ይስቃል። አዮኒም ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር የምትነጋገረው ነገር አይኖራትም። አልጠራሁም ቢል ደግሞ ስምንት ዓመት የተከፈለበትን አንድ ነገሩን፣ አለመዋሸቱን፣ በሸርጣን ሸጠው ማለት ነው። አዮኒን አያት። አዮኒ አላየችውም። ጨርቁ ላይ የፈሰሰ ቅመም በጣቷ ትጠርጋለች፤ ያው ያንኑ ቦታ፣ ደጋግማ።

«ዛሬ እሑድ ነው» አለ ሆሊስ። «ኢንስፔክተር እሑድ አይሠራም።»

ከዚያ ከማዶ፣ ከበረንዳው፣ ቬርና እሪ ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ተከተሉ። አልፎርድ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ አፍንጫው ግን ከዳው። ጥፍሩን አነሣ፣ በጥርሱ ሰበረው፣ መጠጠው። ሰዉ ሁሉ አፉን ያየዋል።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።

«ስምንት ዓመት ሳትቀምስ ጨዉን በምን አወቅከው?» አለች አዮኒ።

«ድሮም ያንሰው ነበር።»

«ድሮም ሁለት ሳህን ነበር የምትበላው!»

«ለዚህ ነዋ የማውቀው። አምጪ።»

ከዚያ ወዲያ በሩን መቁጠር አልተቻለም። ቬርና ገባች፣ የአልፎርድ ወንድሞች ገቡ፣ ደህና ዋልሽ ታንቲ ብለው ያለፉት ሁሉ ተመልሰው ገቡ። ሃያው ሳህን አልበቃ ብሎ በጎድጓዳ ሳህን፣ በድስት ክዳን በሉ። ቅመምሽ በዛ አሏት። እንክብሉ ጠነከረ አሏት። አዮኒ ለእያንዳንዱ ተገቢውን ስድብ እየመለሰች ትጨልፋለች።

አልፎርድ ለእንግዶቹ ታሪክ ጀመረ። «ይህ ሰውዬ ነው ጫማውን ያመጣልን። ይኸው ሰውዬ ነው ያስወለቀን። በሁለቱም ጊዜ አላማከረንም።»

«ባማክራችሁ እሺ ትሉኝ ነበር?» አለ ሆሊስ።

«አንልህም!» አልፎርድ ቅርፊቱን ወረወረ። ቆየት ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ያ የባሕር መንገድህ ላይ፣ ከመታጠፊያው አጠገብ፣ አንድ ኮራል በቅሏል። አየኸው?»

«አየሁት። የመዳፍ ያህል ሆኗል።»

«ምን መዳፍ! የአውራ ጣት ነው።»

«የመዳፍ ነው። ካቻምና ነው የአውራ ጣት የነበረው።»

«ዓይንህ እንዲህ ሆኖ ነው ሰው ጭነህ የምትሄደው?» አለ አልፎርድ። አልፎርድ በዚያ በኩል ሲያልፍ ሞተሩን እንደሚቀንስ ሆሊስ ከሩቅ አይቶት ያውቃል። ይህንንም አልተናገረም። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እውነት መዋጥ ለሱ ብዙ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ እንግዶቹ ሄዱ። ሂልዳ አዮኒን አቅፋ፣ አረንጓዴ ቀሚሷ ላይ የአፍንጫ ቅባት አትማባት ወጣች። ሰዉ ወደሚቀጥለው ቤት ተበተነ። አዮኒ ድስቱን በማንኪያ ፋቀችው፤ የቀረው ሽታው ብቻ ነው። ሁለቱም ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብለው አልበሉም።

«ነገ ምን አስበሻል?» አላት ሆሊስ፣ ወለሉን እያየ።

«ምን አስባለሁ? ይህን ጨርቅ አላየኸውም? ሁለት ቀን መዘፍዘፍ አለበት።» መቀነቷን ፈትታ ወንበሩ ላይ ጣለች። «ራበኝ።»

ድስቱ ያለቀበት ቤት ሰው ምን እንደሚያደርግ በፔቲ አንስ ሁሉም ያውቃል። ተነሥቶ ሌላ ቤት ይበላል። ለስምንት ዓመት ይህ ነገር አልደረሰባቸውም ነበር። አዮኒ ፀጉሯን አስተካክላ መንገዱን ተሻገረች፣ የአልፎርድን አጥር ከፈተች፣ ገባች። ቬርና ሳትናገር ሳህን አቀበለቻት።

ሆሊስ መንገዱ መሀል ደርሶ ቆመ። በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ አዩት። ማንም ግባ አላለውም። ስምንት ዓመት ሌሎቹን ሲጠብቅ ኖሮ፣ እሱም በነዚህ ስምንት ዓመታት ይህን አጥር ከፍቶ እንደማያውቅ አሁን ገና ትዝ አለው። ድስቴ ተረፈ ብሎ ቤቱ ተቀምጦ ነበር የሚውለው። አልፎርድ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ በቀጥታ ያየዋል፤ አፉን ግን አልከፈተም። ሊጠራው አይችልም። መኸር ነው።

ሆሊስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አጥሩ የሚከፈተው በግራ መሆኑን ረስቶት በቀኝ ገፋው፤ ሳቁበት። በግራ ከፈተውና ገባ። ቬርና የፍየል ወጥ ከጎደሬ ጋር ሞልታ ሰጠችው፤ አልፎርድ አጠገብ ካለው ቦታ በቀር ባዶ አልነበረምና እዚያ ተቀመጠ።

ሦስት ጉርሻ በላ።

«እህሳ?» አለ አልፎርድ።

«ፍየሉ አርጅቷል» አለ ሆሊስ።

«ሳህኑን አምጣዋ ታዲያ።»

«አላመጣም» አለና ሆሊስ ሳህኑን ወደ ደረቱ ጠጋ አድርጎ መብላቱን ቀጠለ።